ባለቤትነት በቤት እንጂ በሰው ላይ አይጸናም

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለውን አባባል ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በእድር ድንኳን፣ በጎረቤት ጠብ መካከል ሲነገር የኖረ ነው። ተናጋሪው ቁጣውን ተገቢ ለማስመሰል ይጠቀምበታል፤ ሰሚውም «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ቆም ብለን ስንመረምረው ግን አባባሉ ሴትን ልጅና መሬትን በአንድ መዝገብ ላይ ጽፎ ለሁለቱም አንድ ባለቤት እንደ መደበላቸው እናያለን።

ከሁለቱ አንዱ፣ ርስት የሚባለው፣ ዛሬ የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከግል ሀብትነት አወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። እንግዲህ ርስቱ ከሄደ፣ በአባባሉ ውስጥ የቀረችው ሚስት ብቻ ናት። እሷስ የማን ናት? ለዛሬ ከአንባቢያን ጋር የምንወያየው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ይዞታ ምንድን ነው?

በኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖር ሰው «ይዞታ» ባዕድ ቃል አይደለም። በዓለም ባንክም ሆነ በቤቴል፣ በሎሚ ሜዳም ሆነ በአጠና ተራ፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ስለ ካርታ፣ ስለ ነባር ይዞታ፣ ስለ ሊዝ፣ ስለ ቀበሌ ቤት ሳይነሣ አይቀርም። «ጨረቃ ቤት» ውስጥ ልጅ ያሳደገች እናትም፣ ካርታ ያላትም፣ ለቀበሌ ቤት ኪራይ የምትከፍለውም፣ በእጅ መያዝና ባለሀብት መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከማንም በላይ ታውቃለች። «የይዞታ ማረጋገጫ» የሚባለው ወረቀት ራሱ መሬቱ የእርስዎ ነው አይልም፤ ይዞታው የእርስዎ ነው ይላል።

ይህ ልዩነት የቆየ የሕግ መሠረት አለው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1140 ስለ ይዞታ ሲናገር፣ አንድ ሰው አንድን ነገር በእጁ አድርጎ በእውን ሲያዝበት ያ ሰው ባለይዞታ መሆኑን ይገልጻል። ባለሀብትነት ግን ከዚህ ይሰፋል፤ በአንቀጽ 1204 እንደ ተመለከተው በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖሩ ከሚችሉት መብቶች ሁሉ ሰፊው እሱ ነው። ባለሀብት ይጠቀማል፣ ያከራያል፣ ይሸጣል፣ ያወርሳል።

ስለ ይዞታ ሕጉ ከሚላቸው መካከል ሦስቱን ልብ ይበሉ፤ ኋላ ይጠቅሙናል።

አንደኛ፣ ይዞታም ሆነ ባለሀብትነት የሚኖሩት በነገር ላይ ነው። በቤት፣ በልብስ ስፌት መኪና፣ በከብት ላይ ይሆናሉ። በሰው ላይ ግን አይሆኑም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ በኃይል መንጠቅን አይወድም። ባለይዞታ ሊነጥቀው የመጣውን ሰው ሊከላከል እንደሚችል አንቀጽ 1148 ይፈቅዳል። የተነጠቀም እንደ ሆነ በ2 ዓመት ውስጥ ከሶ ዕቃው እንዲመለስለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 1149 ይደነግጋል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ይዞታን ወደ ባለሀብትነት ሊያደርስ ይችላል። አንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለሀብት እንደሚሆን አንቀጽ 1168 ጽፏል። መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ይህ ድንጋጌ በመሬት ላይ ባይሠራም፣ በውስጡ ያለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ እንደ ታተመ ነው። «ይህን ያህል ዓመት ከያዝሁት የእኔ ነው» የማይል ማን አለ?

ጉዳት የሚመጣው ይኸው አስተሳሰብ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ቤተ ሰቡ ሲሻገር ነው። «አሥራ አምስት ዓመት አብልቼሻለሁ፣ አልብሼሻለሁ» የሚል ባል ሳያውቀው የአንቀጽ 1168ን ክርክር እየተከራከረ ነው። በሰው ላይ ግን ምንም ያህል ዓመት ቢገበር ባለሀብት የሚያደርግ ሕግ የለም።

የቀድሞው ሕግ ሚስትን እንዴት ያያት ነበር?

ያው የ1952ቱ ሕግ ለዕቃ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ስለ ሚስት የተናገረው የተለየ ነበር። አንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ የበላይ መሆኑንና ሚስት ሕግን በማይቃረን ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። የት እንደሚኖሩ የሚመርጠው ባል ነበር። ከሚስት ደመወዝና ገቢ በስተቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር።

የወንጀሉ ሕግ ደግሞ ከዚህ ይብስ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ያገባት እንደ ሆነ ክሱ ይቀርለት ነበር። እስቲ ሁለቱን ያነጻጽሩ። የሰው ስፌት መኪና የነጠቀ ሰው እስከ 2 ዓመት ድረስ ተከሶ ይመልሳል፤ የሰው ልጅ የነጠቀ ግን ሽማግሌ ልኮ «አገባኋት» ሲል ነጻ ይወጣል። ዕቃ ተነጥቆ የነጣቂው አይሆንም ያለ አገር፣ ሴት ልጅ ተነጥቃ የነጣቂው ሚስት ስትሆን ዝም ብሎ አይቷል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተጠለፈች አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበችበት ጉዳይ የብዙዎችን ዓይን የገለጠው ለዚህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎም በነጻ ተለቀቀች። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለ ፊልም ለዓለም ታይቷል። ሕግ ይዞታውን ሊነጥቁት የመጡበትን ሰው እንዲከላከል ከፈቀደ፣ ገላዋንና ሕይወቷን ሊነጥቋት የመጡባትን ልጅ እንዴት ሊነፍጋት ይችላል?

አንቀጽ 635 በቀላሉ አልተነሣም። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ቢልም፣ ሚስት ባልን ትታዘዝ የሚለው ድንጋጌ ከመጽሐፉ አልተፋቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ጋብቻ ሲፈጽሙ፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገም በኋላ አምስት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣና ተሻረ። «ትታዘዘው» የሚለው ቃል በአገራችን የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አርባ ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ዛሬ አያት የሆኑ ብዙ እናቶች የተዳሩት በዚያ ቃል ሥር ነው።

ዛሬ ቤቱ የማን ነው?

በአዲስ አበባ የሚሠራው ይህ የ1992ቱ ሕግ ባልና ሚስት ሊከባበሩ፣ ሊተጋገዙና ሊደጋገፉ እንደሚገባ፣ ቤተ ሰባቸውንም በእኩልነት እንደሚመሩ ይናገራል። የበላይ የሚባል ሰው የለም። ስለ ንብረት የሚለውን ግን በምሳሌ ማየቱ ይሻላል።

በቤቴል በኩል የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ከተጋቡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ ደመወዝተኛ ነው፤ እሷ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ታስረክባለች። ቤቱ የተሠራው በእሱ ደመወዝና በእሷ ዕቁብ ነው። ካርታው ሲወጣ ግን የተጻፈው በእሱ ስም ብቻ ነው። አንድ ቀን ተጣሉ እንበልና፣ «ቤቱ የእኔ ነው፤ ካልተስማማሽ ውጪልኝ፤ እሸጠዋለሁ» አላት። ይህች ሴት ምን አላት?

ያላት ብዙ ነው። በአንቀጽ 62 መሠረት በጋብቻ ዘመን ከሁለቱም ጥረት የተገኘ ገቢና ንብረት የጋራ ነው። እንጀራ ስትጋግር ያገኘችው ከእሱ ደመወዝ ያነሰ ቢሆን እንኳ ይህ አይለወጥም። በአንቀጽ 63 መሠረት ደግሞ አንድ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው ባዩ እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ልብ ይበሉ፣ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በእሷ ላይ አይደለም፤ «የእኔ ብቻ ነው» በሚለው ላይ ነው።

መሸጡንስ ቢሆን? አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆንም እንዲሁ ነው። ባል ይህን ተላልፎ ቢሸጥ፣ ሚስት ሽያጩ እንዲፈርስላት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ትችላለች። እዚህ ላይ አንባቢያችን እንዳይዘነጉ የምናሳስበው ነገር አለ። አንቀጽ 69 ለዚህ ክስ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ሽያጩን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ብቻ ነው። ባታውቅ እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ የመክሰስ መብቷ ይቀራል። «እስቲ ይብረድለት»፣ «እስቲ ፋሲካ ይለፍ» እየተባለ ስድስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ የማያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ለሴት ብቻ የተሰጠ ጋሻ ተደርጎ እንዳይታይ። ሚስትም የጋራውን ቤት ባሏ ሳይስማማ መሸጥ አትችልም። እያንዳንዳቸው ደመወዛቸውን ራሳቸው የመቀበል መብት አላቸው፤ አንዱ ሲጠይቅ ግን ሌላው የገቢውን ሒሳብ ሊያሳይ ይገባዋል። የባሏን ደመወዝ ነጥቃ የታክሲ ሳንቲም የምትሰፍርለት ሚስትም፣ ገቢዋን ደብቃ «የእሱ የጋራ፣ የእኔ የግሌ» የምትልም፣ ሕጉን ከባሏ ባላነሰ ጥሳለች።

በገጠርም ነገሩ ተለውጧል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይሰፍራል። ከዚያ መጥተው ኮልፌ የሚኖሩ ብዙ እናቶች ወላጅ እናታቸው ያላገኙትን ማስረጃ እኅታቸው በሣጥኗ አስቀምጣ አይተው ይሆናል።

ወረቀት የሌላት ሚስት

«እኔ እኮ አልተፈራረምሁም፤ እንዲሁ አብረን ነው የምንኖር» የሚሉ እኅቶች በሠራተኛው ሰፈር ብዙ ናቸው። እነሱም ሕግ አልረሳቸውም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ቢያንስ 3 ዓመት ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው እንደሚሆን አንቀጽ 102 ይናገራል።

የጋብቻ ወረቀት የጠፋባት ወይም ያልወጣላትም ጋብቻዋን በሌላ መንገድ ልታስረዳ ትችላለች። የሕግ ሰዎች ከፈረንሳይ በተወረሰው አነጋገር ይህን «የባልና ሚስትነት ሁኔታ ይዞታ» ይሉታል። አንቀጽ 96 እንደሚለው፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ባልና ሚስት ነን ብለው ሲኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ሲያያቸው፣ ይህ ሁኔታ አለ ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ ይዞታ የሚለው ቃል ወደ ትዳር የገባው በዚህች አንዲት በር ብቻ ነው። በዚያም ቢሆን ሁለቱ አብረው የሚይዙት የጋራ ኑሮ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት አይደለም።

«ስለምወድሽ ነው»

እስካሁን ስለ ቤትና ስለ ወረቀት ተናገርን። ይበልጥ የሚከብደው ግን ካርታ የሌለው ይዞታ ነው፤ በየቤቱ «የእኔ ነሽ» በሚል ስም የሚኖረው።

ቅናት የሌለበት ፍቅር የለም ይባላል። ጥቂት ቅናት ማንንም አልገደለም። የ1992ቱ ሕግም በአንቀጽ 56 ባልና ሚስት ለትዳራቸው ታማኝ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ ግዴታው የሁለቱም ነው። ታማኝነት ግን አንድ ሰው ከልቡ የሚሰጠው ቃል ነው። ተጠብቆ፣ ተፈትሾና ተቆልፎበት የሚገኝ ታማኝነት እስር ቤት ውስጥ ካለው ሰላም አይለይም።

እንግዲህ ቅናቱ መቼ ወደ ይዞታ እንደ ተለወጠ እንዴት ይታወቃል? ስልክዎን በየማታው የሚፈትሽ ከሆነ፤ ከሥራ በአሥር ደቂቃ ሲዘገዩ ከማን ጋር እንደ ቆሙ የሚያስምልዎ ከሆነ፤ ወደ እናትዎ ቤት መሄድን፣ ከእድርና ከማኅበር መዋልን የሚከለክል ከሆነ፤ መታወቂያዎንና የባንክ ደብተርዎን እሱ ዘንድ ካስቀመጠ፤ ሥራ ይልቀቁ ብሎ «እኔ አበላሻለሁ» የሚል ከሆነ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላም «ስለምወድሽ ነው» ካለ፣ ይህ በአንቀጽ 1140 የተጻፈው ነው። ነገርን በእጅ አድርጎ በእውን ማዘዝ ነው።

ብዙ ጊዜ በዚህ የተያዘች ሴት መጀመሪያ ላይ ደስ ይላታል። «ይቀናልኛል» ብላ ለጓደኞቿ ታወራለች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ እየራቁ ሲሄዱ ልብ አትለውም። ልብ ስትል ደግሞ የምታማክረው ሰው አጥታለች። ለወጣት ሴቶች ልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባን ይህንን ነው። የእኔ ካልሆንሽ የማንም አትሆኚም የሚል ሰው ስለ ፍቅር አልተናገረም፤ ስለ ንብረት ነው የተናገረው። በ1999 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ፣ ለዓመታት ሲከታተላት የኖረ ሰው በአንዲት ወጣት ላይ አሲድ ደፍቶ ፊቷን ያቃጠለበትን ወንጀል ከተማው አልረሳውም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይጀመርም። ሲጀመር ዛቻ ነው፤ ዛቻውም ራሱ በሕግ ያስጠይቃል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ የቀድሞውን ጥፋት በብዙ አርሟል። ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ልጅቱን ቢያገባትም ከቅጣት አያድነውም። በትዳር ጓደኛ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ድብደባ የቤት ገመና ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንዲቀጣ አንቀጽ 564 ደንግጓል። ይሁን እንጂ አንድ የአሮጌው አስተሳሰብ ርዝራዥ እስከ ዛሬ ቀርቷል። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ድርጊቱን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ጊዜ ብቻ ወንጀል ያደርገዋል። ባል ሚስቱን ያለ ፈቃዷ ቢያስገድዳት በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። በዚህች አንዲት ቦታ ላይ ሕጉ ራሱ ሚስትን እንደ ይዞታ ማየቱን ገና አልተወም፤ ሊነገርና ሊታረም የሚገባው ነው።

ልጅም ይዞታ አይደለም

ስለ ባሎች ይህን ያህል ከተናገርን ለእኛ ለእናቶችም የሚነገር አለ። «ልጄን ወሰደችብኝ» የምትል አማት፣ ሴት ልጇ ደመወዝ ስትቀበል ሙሉውን የምትረከብ እናት፣ የልጇን የትምህርት ምርጫ፣ የትዳር ምርጫ፣ ጓደኛውን ሳይቀር እኔ ልወስን የምትል ወላጅ፣ እነዚህ ሁሉ ፍቅርን ከይዞታ ጋር ያደባለቁ ናቸው። ዘጠኝ ወር መሸከም ትልቅ ነገር ነው፤ ካርታ ግን አያሰጥም።

በፍቺ ጊዜ ይህ ይበልጥ ይታያል። ቤቱና ዕቃው እኩል ይካፈላል፤ ልጅ ግን አይካፈልም። ፍርድ ቤት ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ ብሎ ሲወስን የሚመለከተው የልጆቹን ጥቅም ነው፤ ዕድሜያቸውን፣ የወላጆቹን ገቢና ጤና፣ የአኗኗራቸውን ሁኔታ ይመረምራል። «የማን ናቸው?» ብሎ አይጠይቅም። ልጁን በአባቱ ላይ በቂም የምታሳድግ እናት፣ ወይም እናቱን እንዳያይ የሚከለክል አባት፣ ሌላውን የጎዱ መስሏቸው የልጁን ግማሽ ነው የሚወስዱበት።

ምን እናድርግ?

ለአንባቢያችን የምንለግሰው ምክር ጥቂት ነው። ጋብቻዎ ካልተመዘገበ በወረዳዎ ያስመዝግቡ። የካርታውን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የግንባታ ደረሰኙን ቅጂ እርስዎም ዘንድ ያኑሩ። ቤት የተሠራበትን የዕቁብ ገንዘብ የሚያውቁ ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ያስታውሱ። ይህን ማድረግ ባልን አለማመን አይደለም፤ የጋራ የሆነውን በጋራ መያዝ ነው። ያልገባዎትን ለመጠየቅ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ምክር ሲሰጥ የኖረ ነው። ዱላና ዛቻ ካለ ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አይጠብቁ፤ ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። በቋንቋችን «ባል» የሚለው ቃል ከግእዙ «በዓል» የመጣ ሲሆን፣ ያ ቃል ጌታ፣ ባለ ንብረት ማለት ነበር። የጥንቱ ሰው ባልን በዚያ ዓይን ያየው ነበር። ይሁን እንጂ ያው ቋንቋችን ሌላም ቃል ሰጥቶናል። ወንዱም ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላታል፤ ሴቷም ባሏን «ባለቤቴ» ትለዋለች። ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው። ትርጉሙም የእኔ ባለሀብት ማለት አይደለም፤ ቤቱን ከእኔ ጋር የያዘ፣ የቤቱ ባለ ማለት ነው። ሕጋችን በ1992 ዓ.ም. የደረሰበትን እውነት ይህ ቃል ከብዙ ዘመን በፊት ይዞት ኖሯል። ዛሬ ማታ «ባለቤቴ» ሲሉ ወይም ሲባሉ፣ ባለቤትነቱ በቤቱ ላይ እንጂ በአፉ በሚጠራዎ ሰው ላይ አለመሆኑን ያስቡ፤ ልጆችዎም እንዲያውቁት ያድርጉ።